ሶአቬ «ካልቫሪኖ»፦ 70 በ30 ለምን ሆነ? ከወይን ዳሱ እስከ ማዕድ

ብርሌና_ጠርሙስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። ክሩን የከፈትኩት የፒዬሮፓን ቤተሰብ ስለሚያዘጋጀው «ካልቫሪኖ» ስለሚባለው የሶአቬ ክላሲኮ ነጭ ወይን ጠጅ እንድንነጋገር ነው። መነሻ ይሆን ዘንድ የታወቀውን ላስቀምጥ። የቤተሰቡ የወይን ጠጅ ማምረቻ ያለው በሰሜን ጣሊያን፣ ከቬሮና በስተምሥራቅ ባለችው በሶአቬ ከተማ ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጀምሮ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። ካልቫሪኖ በማሳው ስም ለብቻው የታሸገው በ1971 መኸር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሌዮኒልዶ ፒዬሮፓን፣ ሰው «ኒኖ» የሚላቸው፣ በ2018 ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው ቴሬሲታና ልጆቻቸው አንድሬያና ዳሪዮ ይዘውታል። ቅልቅሉ 70 በመቶ ጋርጋኔጋ፣ 30 በመቶ ትሬቢያኖ ዲ ሶአቬ ነው፤ ሁለቱም የነጭ ወይን ዘሮች ናቸው።

መጠየቅ የፈለግኩት ሦስት ነገር ነው። ያ 30 በመቶ ምን ይጨምራል? ሁለቱ ወይኖች በጓዳ የሚቀላቀሉት መቼና እንዴት ነው? ጠርሙሱ ገበያ ላይ ሲገኝስ መበላሸት አለመበላሸቱ በምን ይታወቃል? «ጥሩ ነው፣ ይጣፍጣል» የሚል መልስ ሳይሆን ቁጥርና ምክንያት ያለው እጠብቃለሁ።

የወይን_ዳስ፦
ከማሳው እንነሳ፤ የቅልቅሉ ምክንያት ያለው እዚያ ነው።

ጋርጋኔጋ ጉልበተኛና ዘግይቶ የሚበስል ሐረግ ነው። ዘለላው ረጅምና ላላ ያለ፣ ልጣጩም ወፈር ያለ ስለሆነ የሴፕቴምበርን ዝናብ ችሎ እስከ ኦክቶበር ይቆያል። ችግሩ ከቅርንጫፉ ሥር ያሉት የመጀመሪያዎቹ እንቡጦች ብዙ ፍሬ አለመስጠታቸው ነው። አሳጥረው ከገረዙት ቅጠል እንጂ ዘለላ አያገኙም። ስለዚህ ረጅም ቅርንጫፍ ይተዉለታል፤ ያንን የሚሸከመው ደግሞ ፔርጎላ ቬሮኔዜ የሚባለው ዳስ ነው። ቅጠሉ ከላይ ጣራ ይሆናል፣ ዘለላው ከሥር ይንጠለጠላል። ፍሬው በቀጥታ ፀሐይ አይጠበስም፤ አሲዱም ቶሎ አይወርድም። በሞቃት ዓመት ይህ ጥላ ትልቅ ጥቅም አለው።

ዳሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅጠሉ ካልሳሳ አየር አይዘዋወርም፤ እርጥበት ታምቆ ሻጋታ ይጀምራል። ለቀማውም በእጅ ነው፤ ሰውየው ክንዱን ሽቅብ ዘርግቶ ነው የሚቆርጠው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዳስ ላይ ያለ ጋርጋኔጋ ካልተቆጣጠሩት ያለልክ ማፍራቱ ነው። የሶአቬ ሕግ በክላሲኮው፣ ማለትም በጥንቱ የኮረብታ ክልል፣ በሄክታር እስከ 14 ቶን ፍሬ ይፈቅዳል። ከዚያ 70 በመቶው ወይን ጠጅ ይሆናል ቢባል በሄክታር 9,800 ሊትር ማለት ነው። እስከዚያ ጥግ የተገፋ ጋርጋኔጋ ውሃ ውሃ ይላል፤ የአልሞንድ ሽታው ጠፍቶ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ሶአቬ ሱፔሪዮሬ ለሚባለው የተፈቀደው 10 ቶን ብቻ ነው፤ ልዩነቱን ምላስ ያውቀዋል።

ትሬቢያኖ ዲ ሶአቬ ጠባዩ ሌላ ነው። ዘለላው የታመቀ፣ ፍሬ ከፍሬ የተጣበቀ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ፍሬዎቹ ተገፋፍተው ይፈነዳሉ፣ ግራጫው ሻጋታም በዚያ ይገባል። የሚደርሰው በሴፕቴምበር ነው፣ ከጋርጋኔጋው ሳምንታት ቀድሞ። ምርቱ አነስተኛ፣ ሥራው ከባድ ስለሆነ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ገበሬ ነቅሎ በምትኩ ትሬቢያኖ ቶስካኖ ተከለ። እባካችሁ እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ! ቶስካኖው ብዙ የሚያፈራ፣ ሽታው ደካማ ዘር ነው። ትሬቢያኖ ዲ ሶአቬ ግን በዘረመል ምርመራ ሲታይ በማርኬ ክፍለ ሀገር ቬርዲኪዮ ከሚባለው ወይን ጋር አንድ ነው። አሲዱ ጠንካራ፣ አካሉም ሙሉ ነው።

እንግዲህ የ30 በመቶው መልስ ይህ ነው። ጋርጋኔጋ አበባና አልሞንድ፣ ለስላሳ አካልም ይሰጣል። ትሬቢያኖው አሲዱን ያጠናክራል፣ በጠርሙስ ውስጥ ዓመታት እንዲቆይም ያግዛል። የካልቫሪኖ አፈር ከባዛልት የመጣ እሳተ ገሞራዊ ጭንጫና ሸክላ ስለሆነ የጨው ጣዕም የሚመስል ነገር ይታከልበታል።

ቀጥተኛ_ቃል፦
አልስማማም። ያው ቤተሰብ «ላ ሮካ» የሚባለውን መቶ በመቶ ከጋርጋኔጋ ያዘጋጃል፤ እሱም አሥር ዓመት ያልፋል። ታዲያ ትሬቢያኖው ለመቆየት ያስፈልጋል የሚባለው በምን ይጸናል? የሶአቬ ሕግ የሚያስገድደው ቢያንስ 70 በመቶ ጋርጋኔጋ መኖሩን ነው፤ የቀረው 30 የፈቃድ ጉዳይ ነው፣ ሻርዶኔ የሚባለው ሌላው የነጭ ወይን ዘርም ይገባበታል። 70 በ30 የልማድ ውርስ ይመስለኛል።

የወይን_ዳስ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለቱ ማሳዎች አንድ አይደሉም። ላ ሮካ ያለው ከሶአቬ ግንብ አጠገብ ባለ ኮረብታ፣ ኖራ በበዛበት ሸክላ ላይ ነው። የሚያድረውም በእንጨት በርሜል ነው። አካሉን የሚያገዝፉለት አፈሩ፣ ዘግይቶ መለቀሙና በርሜሉ ናቸው። ካልቫሪኖ እንጨት አይነካውም፤ ያለ እንጨት የሚሠራ ወይን ጠጅ ደግሞ አቋሙን ከፍሬው ብቻ ነው የሚያገኘው። ሻርዶኔን በተመለከተ እውነት ነው፣ ይፈቀዳል። ሲጨመር አፍ ይሞላል፣ ቶሎም ይወደዳል፤ ግን የሶአቬን መልክ ይሸፍናል። እኔ ሻርዶኔ የገባበትን አልመርጥም።

ጓዳ_ሹም፦
ወደ ጓዳው ልግባ። ብርሌና ጠርሙስ፣ «መቼ ይቀላቀላሉ» ላልከው፦ ሁለቱ እኩል ስለማይደርሱ የሚፈሉት ለየብቻ ነው፤ የሚገናኙት ወይን ጠጅ ከሆኑ በኋላ ነው። በእጅ የተለቀመው ዘለላ ከእንጨቱ ይላቀቃል፣ በቀስታ ይጨመቃል፣ ሳይጫን በራሱ የወረደው ጭማቂ ይለያል። አጥብቆ መጭመቅ የጋርጋኔጋን ወፍራም ልጣጭ ምሬት ያወጣል፤ ከአልሞንድነት አልፎ ሬት ሬት የሚል ሶአቬ ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመጭመቂያው ነው።

ጭማቂው የሚፈላው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውስጡ በብርጭቆ በተለበጠ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ሲሚንቶው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ በድንገት አይወጣም አይወርድም። ብርጭቆው ደግሞ አሲዱ ሲሚንቶውን እንዳይበላው፣ ሽታም እንዳይገባ ይከለክላል። ከ20 ዲግሪ በላይ ቢፈላ የአበባው ሽታ ከጋዙ ጋር ይተናል። ከ13 በታች ቢወርድ እርሾው ይደክማል፤ ሁሉም ወይን ሙዝና ከረሜላ መሽተት ይጀምራል፣ ዘሩም አይለይም። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ በደቃቁ አተላ ላይ ይቆያል። አተላው በየጊዜው ሲማሰል የሞተው እርሾ አካል ይሰጠዋል፣ አየርንም ይበላለታል። ነገር ግን መጀመሪያ የሚዘቅጠው ሻካራው አተላ ቶሎ መለየት አለበት፤ ከቆየ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያመጣል።

ቅልቅሉ የሚወሰነው በትንሽ ሙከራ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ ይዘጋጃል። 85 በ15፣ 80 በ20፣ 75 በ25፣ 70 በ30 ተደርጎ በአራት ብርጭቆ ይቀዳል፤ ለማመሳከሪያ ሁለቱም ወይኖች ለየብቻ ይቀመጣሉ። የሚቀመሰው በ14 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ብርድ ጉድለትን ይደብቃልና። ከዚያ ተከድኖ ያድራል፣ በማግሥቱ እንደገና ይቀመሳል። ትኩሱን ቅልቅል ቀምሶ የሚወስን ሰው ይሳሳታል፤ ሁለት ወይኖች ሲገናኙ ለጊዜው ተራርቀው ነው የሚሰሙት።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያሳስታል። ለምሳሌ የጋርጋኔጋው አሲድ በሊትር 5.5 ግራም፣ የትሬቢያኖው 7 ግራም ቢሆን፣ 70 በ30 ሲቀላቀሉ 3.85 እና 2.1 ተደምሮ 5.95 ግራም ይሆናል። አልኮሉም እንዲሁ ነው፤ 12.5 እና 12 ከሆኑ 12.35 ይወጣል። ፒኤች (የአሲድ ጥንካሬ መለኪያ) ግን በዚህ መንገድ አይሰላም፣ በመሣሪያ መለካት አለበት። ለምን ይለካል? ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቀው የሰልፈር መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው። ፒኤቹ 3.2 ከሆነ በሊትር ወደ 20 ሚሊ ግራም ነጻ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲበቃ፣ 3.4 ላይ ተመሳሳይ ጥበቃ ለማግኘት 32 ገደማ ያስፈልጋል። በፒኤች ላይ 0.2 ስህተት ወይኑን ያለ መከላከያ ያስቀረዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ለየብቻ ረግተው የነበሩ ሁለት ወይኖች ሲቀላቀሉ ሊናጉ ይችላሉ። አልኮሉም ፒኤቹም ስለሚለወጥ የታርታር ጨውና ፕሮቲን እንደገና ሊዘቅጥ ይነሳል። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው ከቅልቅሉ በኋላ ነው። ለታርታር ናሙናው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ላይ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ብርጭቆው ሥር ክርስታል ከታየ ገንዳው ገና መቀዝቀዝ አለበት። ለፕሮቲን ደግሞ የተጠለለ ናሙና 80 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ይሞቅና ይቀዘቅዛል፤ ከደፈረሰ ቤንቶናይት (ፕሮቲን ይዞ የሚዘቅጥ የሸክላ ዱቄት) ያስፈልገዋል። የቤንቶናይቱም መጠን በሙከራ ነው፤ በመቶ ሊትር ከ20 ግራም ተነስቶ በአሥር በአሥር እየጨመሩ ደፍርሱ የሚጠፋበት ትንሹ መጠን ይወሰዳል። «ትንሽ ልጨምርበት» ማለት ሽታውን መግፈፍ ነው።

ብርሌና_ጠርሙስ፦
ጓዳ ሹም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጋርጋኔጋው ማሎላክቲክ መፍላት (ባክቴሪያ ማሊክ አሲዱን ወደ ለስላሳ ላክቲክ አሲድ የሚለውጥበት) ቢጀምርስ? ትሬቢያኖውን በመጨመር ማረም ይቻላል?

ጓዳ_ሹም፦
ማረም ሳይሆን ጉዳቱን ማስፋፋት ነው የሚሆነው። ባክቴሪያው በቅልቅሉ ውስጥ የትሬቢያኖውንም ማሊክ አሲድ ይበላል፤ ያ ሁሉ የተደከመለት ጥራት ይቀንሳል፣ የቅቤ ሽታ ይመጣል። መጀመሪያ የተነሳበትን ገንዳ ለይ፣ ከ12 ዲግሪ በታች አውርደው፣ ሰልፈሩን አስተካክል፣ አስፈላጊ ከሆነም ባክቴሪያ በሚያስቀር ማጥለያ አሳልፈው። ቆሟል ተብሎ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ አይቀላቀልም። ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ከተነሳ ጋዝ ይፈጥራል፣ ይደፈርሳል፤ ያኔ መድኃኒት የለውም።

ዕቃ_አስመጪ፦
በጓዳ የተደከመበትን ሁሉ መንገድ ሊያበላሸው ስለሚችል ስለ ጠርሙሱ እኔ ልበል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ወይን ጠጅ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው። በሞቃቱ ወራት እዚያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የተዘጋ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ከውጩ ይብሳል። ማቀዝቀዣ የሌለው ኮንቴይነር ወደብ ላይ ሳምንት ቢቆም ነጭ ወይን ጠጅ ተቀቀለ ማለት ነው። ምልክቱ ሳይከፈት ይታያል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ቆቡን ገፍቶት እንደሆነ በጣት ዳስሱ። በቆቡ ሥር የሚያጣብቅ ፈሳሽ ካለ ወይኑ ሞቆ ወጥቷል፤ በወጣበት አየር ገብቷል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡ፤ ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ካልቫሪኖ የገለባ ቢጫ እንጂ ቡናማ ሊሆን አይገባም። ሲከፈት የተቆረጠና የቆየ ፖም፣ የማር ሰፈፍና የደረቀ ለውዝ ብቻ ከሸተተ፣ ያለ አበባ፣ ኦክሲጅን ገብቶበታል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ግን ሙቀቱ አይደለም፤ ቡሹ ነው፤ እሱን ማንም ሊያድነው አይችልም፣ ወደ ሻጩ ይመለስ።

በተቃራኒው ጥፋት ያልሆነውን እንደ ጥፋት አትቁጠሩ። ከሥር የሚታየው የስኳር ፍርፋሪ የመሰለው ነጭ ክርስታል ታርታር ነው፤ አይጎዳም፣ ጣዕምም አይለውጥም። ጠርሙሱን ቀና አድርጎ ማሳደርና የመጨረሻውን ጉንጭ መተው ይበቃል። ሲከፈት ክብሪት ክብሪት ወይም ትንሽ እንቁላል የሚል ሽታ ካለም አትድፉት፤ አየር አጥቶ የቆየ ወይን ጠጅ ነው። ሰፋ ባለ ማንቆርቆሪያ ገልብጡትና ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ካልለቀቀ ያኔ ጥፋት ነው በሉት።

መለያ ወረቀቱን ስታነቡ «ክላሲኮ» የሚለውን ፈልጉ። የሶአቬና የሞንቴፎርቴ ዳልፖኔ ኮረብታዎች በ1931 ተከልለው ነበር፤ በ1968 የዲ.ኦ.ሲ. (በመነሻ ቦታ ስም የሚሸጥ ወይን ጠጅ) ሕግ ሲወጣ ግን ክልሉ ወደ ሜዳው ተዘረጋ። ሜዳው ለም ነው፣ ብዙ ያፈራል፣ ስሙንም ያረከሰው እሱ ነው። «ክላሲኮ» ኮረብታው ብቻ ነው። ቀጥሎ «ኢምቦቲሊያቶ አሎሪጂኔ» የሚል ካለ ወይኑን ያበቀለው ቤት ራሱ አሽጎታል ማለት ነው። «ኢምቦቲሊያቶ ዳ» ብሎ የኩባንያ ስም ብቻ ካስከተለ ፍሬው ወይም ወይን ጠጁ ከሌላ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። በቤተሰብ የሚሠራና በቤተሰብ ስም የሚሸጥ አንድ አይደለም።

ቀጥተኛ_ቃል፦
ስለ ሜዳው ያልከው እውነት ነው፣ ግን ሜዳ ሁሉ መጥፎ ኮረብታም ሁሉ ጥሩ አይደለም። ኮረብታ ላይ 14 ቶን የሚያወጣም አለ። ስሙንም ያረከሰው አፈሩ ብቻ ሳይሆን ገዥው ርካሽ ብቻ መጠየቁ ነው።

ዕቃ_አስመጪ፦
ልክ ብለሃል። ለዚህ ነው ከ«ክላሲኮ» ቀጥሎ የአምራቹ ስም የሚታየው። ከ2019 ጀምሮ 33 ኮረብቶችና አካባቢዎች በይፋ ተለይተው ስማቸው በመለያው ላይ እንዲጻፍ ተፈቅዷል፤ እሱም ይረዳል።

የማዕድ_አለቃ፦
ስለ አቀራረቡ። የቤት ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ካልቫሪኖ በዚያ ቢቀርብ አሲዱ ብቻ ይሰማል፣ ሽታው ይዘጋል። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሃያ አምስት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ሞቅ ካለ ክፍል የመጣ ከሆነ እኩል በረዶና ውሃ በባልዲ፣ አንድ እፍኝ ጨው ተጨምሮበት፣ ሩብ ሰዓት። በረዶ ብቻ ማድረግ ያዘገያል፣ ጠርሙሱን በሁሉም በኩል የሚነካው ውሃው ነው። ብርጭቆው ሆዱ መካከለኛ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ከሲሶው በላይ አይሞላ።

ምግቡን በተመለከተ ሶአቬ ባለችበት በቬኔቶ ክፍለ ሀገር በነጭ ዓሣ፣ በሩዝና በአስፓራገስ ይጠጡታል። በእኛ ማዕድ ላይ ደግሞ ክክ አልጫ፣ ጎመን በአይብ፣ ያልከበደ የዓሣ ጥብስ ይስማሙታል፤ እርድና ዝንጅብል ከአልሞንዱ ጋር አይጣሉም። በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ላይ አልመክርም። ቃሪያና በርበሬ አልኮሉን ያቃጥለዋል፣ የጋርጋኔጋውም የኋላ ምሬት ጎልቶ ይወጣል። ሎሚ የተጨመቀበት ምግብ ሲሆን ደግሞ ሎሚውን ቀንሱ፤ ከወይኑ የበለጠ የኮመጠጠ ምግብ ወይኑን ባዶ ያደርገዋል።

ቬሮና_ነዋሪ፦
ለዓመታት ማቆየት ለሚፈልግ፦ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ የቡሽ ከሆነ ተጋድሞ። በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ከቋሚ 16 ዲግሪ የበለጠ ይጎዳል፤ ቡሹን ያስተነፍሰዋል። ወጥ ቤትና የማቀዝቀዣ ራስ ላይ አታስቀምጡ። በወጣትነቱ አበባና ነጭ ኮክ ይሸታል። አምስትና ስድስት ዓመት ሲሞላው ወደ ካሞሜል፣ ማርና ድንጋይ ይዞራል፤ ከጥሩ መኸር የመጣው አሥርም ያልፋል። ሦስት ጠርሙስ የሚገዛ ሰው አንዱን አሁን፣ አንዱን በሦስተኛ ዓመቱ፣ አንዱን በሰባተኛው ይክፈት፤ ትሬቢያኖው ያለው ጥቅም በዚያ ይለያል።

ብርሌና_ጠርሙስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የተከፈተ ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆያል?

የማዕድ_አለቃ፦
ግማሹ የቀረ ከሆነ ቡሹ ተመልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን። ከዚያ በታች ከቀረ አየሩ ስለሚበዛበት ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ገልብጡት፣ አምስት ቀን ይሄዳል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አይጋደም፤ ሲጋደም አየር የሚነካው ገጽ ይሰፋል። በአራተኛው ቀን ሽታው ከደከመ አትድፉት፣ ለዓሣ መረቅ ይሆናል፤ 150 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ ግማሽ እስኪሆን አፍሉትና ቅቤውን በኋላ አስገቡ።